የአባቴ የውሃ ልብስ

ባለፈው ሳምንት አምፖል ልገዛ ወጥቼ ደባርቅ ከመናኸሪያው በታች ባለው ቅያስ ሳልፍ የእርጥብ ጨርቅና የከሰል ካውያ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ይህ ሽታ ከከተማችን ጠፍቷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ዞር ስል አንዲት ሴት ልብስ ሰፊ በረንዳዋ ላይ ቆማ፣ በአፏ የያዘችውን ውሃ ሱሪ ላይ እፍ እያለች ትተኩሳለች። መብራት ስለጠፋባት የእናቷን ካውያ ከሳጥን አውጥታ ኖሯል። እኔ ደግሞ መብራት በሌለበት ቀን አምፖል ልገዛ የወጣሁ ሰው ነኝ። "ጋሼ፣ የሚሰፋ ነገር አለ?" አለችኝ። "የለም፣ ዝም ብዬ እያሸተትኩ ነው" አልኳት። ደባርቅ ላይ እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው ጸበል ይታሰብለታል፤ እሷ ግን ፈገግ ብላ ወደ ሱሪዋ ተመለሰች። አምፖሉን ሳልገዛ አባቴን እያሰብኩ ቤቴ ገባሁ።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ትዝታ ሲጀምር ቀጥሎ የሚለው ነገር ይታወቃል። ድሮ ሰው ይከባበር ነበር፤ ድሮ ልጅ ወላጁን ይጦር ነበር። እኔ ድሮን በደንብ ስለማውቀው በዚህ አልስማማም። ድሮ ሽማግሌ ይከበር ነበር፤ አይታጠብም ነበር እንጂ። ጥሩ መደብ ይሰጠዋል፣ ሲገባ ይነሱለታል፣ ምርቃቱን ጎንበስ ብለው ይቀበላሉ፤ ከዚያ ጋቢውን እንደለበሰ ፋሲካ እስኪደርስ ይቀመጣል። ጠረኑን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሣውም፤ ይህም ጨዋነት ይባላል። እኔም አርባን እስካልፍ ድረስ ወላጅ መጦር ማለት ማብላት፣ ማልበስና ሐኪም ቤት መውሰድ ይመስለኝ ነበር። መጽሐፍ ብዙ አንብቤአለሁ። የአባት ጀርባ እንዴት እንደሚታጠብ የሚናገር ገጽ ግን አላጋጠመኝም።

አባቴ ማሩ ሰፊው ይባሉ ነበር፤ ከዳባት እስከ ድብ ባሕር ይህን ስም የማያውቅ ሱሪ የለም ብል ብዙም አልዋሸሁም። ሱቃቸው በአሮጌው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ሻይ ቤት ጎን የነበረች ባለቆርቆሮ በረንዳ ናት። አስፋልት ገና ስላልነበረ ሊማሊሞን ወጥቶ የሚመጣ ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር የተሰቀለው ካኪ ሁሉ በአቧራው ከመሸጡ በፊት ያረጃል። ከሻይ ቤቱ ቴፕ ሪከርደር አንድ ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ይዘፍናል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምፁ ይወፍራል፣ አባቴም የስፌት መኪናቸውን እርግጫ ከእሱ ጋር አብረው ያዘገማሉ። የቁምጣ የእጅ ዋጋ የአንድ ኪሎ ስኳር ያህል ነበር። የሚያብረቀርቅ ቴትሮን ሱሪ የሚያሰፋ ጎረምሳ ሊያገባ ነው ማለት ነው። ኮት የሚያሰፋ ደግሞ ወይ ሹመት አግኝቷል፣ ወይ በሬ ሸጧል።

አባቴ ሰው ሲለኩ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ደንበኛ ፊት ለፊት አይቆሙም፤ በጎኑ ነው የሚቆሙት። ዓይናቸው ከሜትሩ ላይ አይነሳም። እጃቸው ከማረፉ በፊት የሚያርፍበትን ይጠሩታል፤ "ትከሻ" ይላሉ፣ ከዚያ ትከሻ ይነካሉ፤ "ወገብ" ይላሉ፣ ከዚያ ወገብ ይይዛሉ። በመሃሉ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ባቄላው፣ ኮሶዬ ላይ ጉም ስላቆመው አውቶቡስ። አንዱ እግሩ የሰለለ ነበር፣ ሌላው ከሱሪው ሥር የለበሰው ጆንያ ነበር፤ ሱቃቸው ውስጥ ያደግሁት ልጃቸው እንኳ የትኛው ማን እንደሆነ አላወቅሁም። "ሰው ልብሱን ለብሶም ሲለካ ራቁቱን ነው" ይሉኝ ነበር። ሌላም ልማድ ነበራቸው። የተማሪ ልብስ ሲሰፉ ጨርቁን በጠርዙ ወደ ውስጥ አጥፈው አራት ጣት ያህል ያስቀራሉ። ወላጅ "ለምን ጨርቁን አባከኑት?" ሲል "ልጅ ነው፤ ያድጋል" ይላሉ። በሁለተኛው ዓመት ልጁ ሲረዝም ስፌቱን ይፈቱና የተደበቀውን ያወጡታል።

ከዚያ ፈረንጅ ለብሶ የጣለው ሳልባጅ መጣ። ነፃ ገበያ የሚባለውን ነገር ሌላው ሰው በሬድዮ ሲሰማ እኛ በካልሲ ነው ያየነው። ከቅዳሜ ገበያ ዳር እንደ ጭድ ከተከመረው ክምር ውስጥ የጃናሞራ ገበሬ ማንም የማያነበው ጽሑፍ ያለበት ሹራብ ለብሶ ይወጣል። አባቴ ያን ክምር ሲያዩ የሚያናድዳቸው መርከሱ አልነበረም። "ማንን ለክተው ነው የሰፉት?" ይሉ ነበር። ደንበኛ እየሳሳ ሄዶ በስተመጨረሻ የፈረንጅ ሱሪ ማሳጠር ብቻ ቀረላቸው፤ ሱቁን ዘግተው መኪናቸውን ወደ ቤት አመጡ። ሜትሩን ግን ከአንገታቸው አላወረዱም።

እናቴ ካረፉ በኋላ አባቴ ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ይኖሩ ጀመር። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሚስቴ ጥሩወርቅ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር። አባቴ ሁልጊዜ ቅዳሜ፣ ፀሐዩ ሲጠና፣ ከጓሮ ጆንያ ጋርደው፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆመው በሳፋ ሙቅ ውሃ ይታጠባሉ። ደባርቅ ላይ በየሳምንቱ ገላን መታጠብ ጀግንነት ነው። አንድ ቅዳሜ ከድንጋዩ ላይ ተንሸራተቱ። አጥንት አልተሰበረም፤ ዳሌያቸው ጠቁሮ ሳምንት ተኙ። ከተነሱ በኋላ ፊታቸውንና እግራቸውን ብቻ መታጠብ ጀመሩ። "ብርዱ ዘንድሮ ከበደ" ይላሉ። ከዚያም ወር በገባ በአሥራ ሁለት ከማይቀሩበት የሚካኤል ማኅበር ቀሩ። በሁለተኛውም ወር ቀሩ። "ጉልበቴ" አሉ፣ እኔም አመንኩ።

"አባባ ማኅበር የቀሩት በጉልበታቸው ይመስልሃል?" አለችኝ ጥሩወርቅ።

"ራሳቸው ናቸው ያሉት።"

"ትናንት ገበያ ድረስ ሄደው ክር ገዝተው መጥተዋል። ገበያ ግን ቆመው ነው የሚገዙት። ማኅበር ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቀመጡት።"

አሁንም አልገባኝም።

"አንተ ሰው፣ አፍንጫህ የሚያሸተው መጽሐፍ ብቻ ነው? ጠረን አላቸው። ራሳቸውም ያውቁታል። ማታ ራት ስንበላ በር አጠገብ መቀመጥ የጀመሩት ለምን ይመስልሃል?"

አንገቴን ደፋሁ። የከተማውን ወንድ ሁሉ ለክተው ያለበሱ ሰው፣ ከጓደኞቻቸው ጎን መቀመጥ አፍረው፣ በሕይወት እያሉ ከሰው ሊለዩ ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች ደግሞ በየወሩ ይጎድላሉ እንጂ አይጨምሩም። ሦስተኛው አሥራ ሁለት ሳይደርስ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ።

ችግርን በዕውቀት የሚፈታ ሰው እፈራለሁ፤ ራሴን ነው የምለው። ዓመት ባጠራቀምነው ገንዘብ ከጎንደር በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አስጭኜ አመጣሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከጓሮ ሻወር ቤት ቆመ፤ በርሜሉ ጣሪያ ላይ፣ ግድግዳው እንደ መስታወት። አባቴ ከዘራቸውን ይዘው ዞረው አዩት።

"ያምራል" አሉ። "ለማን ነው?"

"ለእርስዎ ነዋ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ወጥተው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እጅጌዬን ጠቅልዬ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ ጠበቅኋቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጮክ ብዬ ነበር የማወራው፤ ጆሯቸው ከእኔ የተሻለ ይሰማል።

"በሉ፣ ኮታችንን እናውልቅ።"

"ሁለታችን አንድ ኮት አልለበስንም" አሉ።

ሳቄን ዋጥኩና ቀጠልኩ። እጅዎን ያንሱ፣ ዞር ይበሉ፣ ቀስ፣ ጎበዝ። "ጎበዝ" አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፤ መመለሻ አልነበረውም። አባቴ የኮታቸውን ሦስት ቁልፎች አንድ በአንድ መልሰው ቆለፉ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እኔ ደንበኛ እንዲህ አድርጌ ይዤ ቢሆን ራቁታችሁን ነበር የምታድጉት።"

ያን ሳምንት ሙሉ ምሳቸውን በር አጠገብ በሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ለመንኳቸው፤ ወለሉ ያንሸራትታል አሉ። አያንሸራትትም አልኩ። ይህን ለማሳየት ውሃና ሳሙና አፈሰስኩበት፣ ሳፋውን ይዤ በኩራት ገባሁ፣ "እዩኝ እንግዲህ፣ እንደ..." ስል እግሬ ከእኔ ተለይቶ ሄደ። ራሴን በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ሳፋው ሆዴ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። አባቴ ከበሩ ቆመው ቁልቁል አዩኝ።

"ተሰበርክ?"

"አይመስለኝም።"

"እንግዲያ ትንሽ እዚያው ቆይ። እዚያ ሆኖ ሲያዩት ጣሪያው እንዴት ነው?"

ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቴ ካረፉ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። ከዘራቸውን ዘርግተውልኝ ተነሳሁ፤ ልደግፋቸው የገባሁት ሰው ተደግፌ ወጣሁ። በረንዳው ላይ አስቀመጡኝ፣ ከአንገታቸው ሜትሩን አውርደው ጭኔ ላይ ጣሉት።

"ይህን ቤት ሳትለካኝ ነው የሰፋኸው" አሉ። "ተነስና ለካኝ።"

በአርባ ሦስት ዓመቴ ሰው መለካት ተማርኩ። ፊት ለፊታቸው ብቆም "በጎን" አሉኝ። ፊታቸውን ባይ "ሜትሩን ተመልከት" አሉኝ። ጉልበታቸውን ስይዝ እጄን በመዳፋቸው ገፋ አድርገው "መጀመሪያ ጥራው" አሉ። "ጉልበት" አልኩ። "አሁን ያዝ።" ከመሬት እስከ ጉልበት፣ ለሚታጠቡበት መቀመጫ። ቆመው እጃቸውን ሲዘረጉ መዳፋቸው የሚያርፍበት፣ ለመደገፊያው። ከበሩ እስከ ውሃው ስንት እርምጃ፣ ለምንጣፉ።

"ስለ ሌላ ነገር እያወራህ" አሉኝ።

በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ የማወራ ሰው አንድም ወሬ ጠፋኝ። "ዝናቡ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ተወው፣ ዝናቡን እኔ አወራለሁ፤ አንተ ቁጥሩን አትሳት።"

አናጢ ጠርተን በልካቸው ዝቅ ያለ፣ እግሩ ሰፋ ያለ መቀመጫ ሠራ፤ ከግድግዳው ላይ የተላገ የጽድ እንጨት አጋደመ፣ እኔ ተንጠልጥዬበት ሞከርኩት። አባቴ ጆንያ በጆንያ ደራርበው እንደ ፍራሽ ጠቅጥቀው የሰፉት ምንጣፍ ሴራሚኬን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው። የሁለት ሳምንት ኩራቴ በጤፍ ጆንያ ተከደነ። ከዚያ መኪናቸውን ፀሐይ ወዳለበት አስወጥተው "እታለም፣ ክሩን አግቢልኝ" አሏት ጥሩወርቅን። ከአቡጀዲ አንድ ልብስ ሰፉ። ፊቱና ጀርባው ትከሻ ላይ ብቻ የተያያዘ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ግራና ቀኙ በማሰሪያ የሚያያዝ ነው። ማሰሪያው ሲፈታ እጅ ከጎን ይገባል፣ ዓይን ግን አይገባም። የውሃ ልብስ አሉት።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ልብሳቸውን ብቻቸውን ቀይረው ጠሩኝ። እንጨቱን ይዘው ሦስት እርምጃ ሄዱ፣ ተቀመጡ።

"ከወገብ እስከ ጉልበት የራሴ ደንበኛ ነው" አሉ። "አንተ ጀርባና እግር።"

ውሃውን መጀመሪያ በእጃቸው ላይ አፈሰስኩ። "ይጨመር ቀዝቃዛ" አሉ፤ ጨመርኩ። በጎናቸው ቆምኩ። "ትከሻ" አልኩ። "ትከሻ" አሉ፣ ደብተር ላይ እንደሚጽፍ ሰው። "ጀርባ።" "ጀርባ።" በመሃሉ ስለ አንድ አስተማሪ አወራኋቸው፤ የፈተና ወረቀት ይዞ ፈረስ ሲጋልብ ወረቀቱ ሜዳ ለሜዳ ስለተበተነበት፤ ሳቁልኝ። ያን ጀርባ እስከዚያ ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ማሰሪያው ሲፈታ ለአፍታ ታየኝ፤ መኪና ላይ ሲያቀረቅር የኖረ ጠባብ ጀርባ፣ የቀኙ ትከሻ ከግራው በሁለት ጣት ዝቅ ያለ። የእኔ ዩኒፎርም፣ የደባርቅ ካኪ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ አልወድም፤ ዓይኔ ሳሙና ገባበት ብዬ አለፍኩት። ሳሙናው ግን በእሳቸው እጅ ነበር።

ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት ነጭ ኩታቸውን ለብሰው ወደ ማኅበሩ ወጡ። እስከ በሩ ብቻ ልሸኛቸው ነበር፤ "ግባ" አሉኝ። ከበሩ ርቀው፣ ከሽማግሌዎቹ መሃል፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። ጎናቸው የነበሩት አያ ጥጋቡ ናቸው፤ በቅሎ ለቱሪስት እያከራዩ ስሜን ተራራ ሲወጡ ሲወርዱ ያረጁ፣ ምላሳቸው ያላረጀ ሰው። አሸተቱ።

"ምን ይሸታል? ሙሽራ አለ እንዴ እዚህ?"

ሰዎቹ ሁሉ ወደ አባቴ ዞሩ። እኔም ጠላዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። አንድ ቃል ቢበላሽ አባቴ ተመልሰው ወደዚያ ቤት እንደማይመጡ አውቅ ነበር።

"እኔ ነኝ" አሉ አባቴ።

"ማን አጠበህ?"

"ልጄ። እጁ ገና ነው፤ ግን እየለመደ ነው።"

"ራቁትህን?"

"እኔ ማሩ ሰፊው? ልብስ አጥቼ?"

ቤቱ በሳቅ ተነሣ። አያ ጥጋቡ ሲስቁ ሲስቁ ቆዩና በመጨረሻ ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ። ከሦስት ቀን በኋላ ግቢያችን መጡ፤ የጠፋች ዶሮ ፍለጋ ነው አሉ። ዶሮ እንደሌላቸው ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከአባቴ ጋር ወደ ጓሮ ዞሩ። ከሻወር ቤቱ ውስጥ የአባቴ ድምፅ "ትከሻ" ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ስለ በቅሎ ወሬ ተጀመረ።

ለካ ሳልባጅ ነጋዴ ያልደረሰበት አንድ ልብስ ነበር። በዚያ ዓመት ሥራ አጥቶ የሞተው የስፌት መኪና ተነስቶ መረገጥ ጀመረ። ኮት ላሳጥር ነው የሚል ኮት ሳይዝ ይመጣል፤ ከዳባት አንዲት ሴት ለእናቷ ልኩን በክር ቋጥራ አመጣች፤ አንድ ቄስ "ለአንድ ወዳጄ ነው" ብለው የራሳቸውን ትከሻ አስለኩ። አባቴ አንዱንም ስም ለማንም አልተናገሩም። አንድ ቀን ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ልብስ ተጣጥፎ ሳጥን ውስጥ አየሁ።

"ይህስ የማን ነው?"

"የደንበኛ።"

"ወፈር ያለ ሰው ነው።"

"ይሆናል።"

"መቼ ይወስደዋል?"

"አይቸኩልም" አሉ፣ ሳጥኑን ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ራት ሲቀርብ ከመሃል ይቀመጡ ነበር። ያረፉት እሑድ ነው፤ ቅዳሜ ታጥበው ነበር።

እንግዲህ አምፖሉን ሳልገዛ ቤት የገባሁ ዕለት ወገቤ ከተያዘ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። ጎንበስ ማለት አልችልም። ትልቋ ልጄ "አባዬ፣ ገላህን ላግዝህ?" ስትል "እኔ ገና ነኝ" ብዬ ተቆጥቻት ነበር፤ ራት ላይም ወንበሬን ወደ በሩ ሳብ አድርጌ እንደተቀመጥኩ ያስተዋለችው ጥሩወርቅ ናት። ከአባቴ ሳጥን ያን ሰፊ ልብስ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

"እስካሁን የማን እንደሆነ አልገባህም?" አለችኝ።

ለበስኩት። አባቴ ከሠርጌ ልብስ ወዲህ ሜትር አልዘረጉብኝም፤ ትከሻው ግን ልክ ነበር፣ ቁመቱም ልክ ነበር። ሆዴ ላይ ሲደርስ ብቻ ማሰሪያና ማሰሪያው አልገናኝ አሉ። ከዓመታት በፊት የሰፉልኝ ሰው ሆዴን አላወቁትም ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

በማግሥቱ በፌስታል ይዤው ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄድኩ። መብራቱ መጥቷል፣ ካውያዋም ተቀምጧል። ልብሱን አገላብጣ አየችው፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ጠርዙን በጥፍሯ ፈልቀቅ አድርጋ ወደ ውስጥ ተመለከተች።

"አዲስ ጨርቅ አያስፈልግም ጋሼ። በሁለቱም ጎን አራት አራት ጣት ወደ ውስጥ ታጥፏል። የተማሪ ልብስ ነበር እንዴ? እንዲህ የሚተወው ለሚያድግ ልጅ ነው።"

"ለሚያድግ ልጅ ነው" አልኳት።

ሜትሯን አነሳች፣ በጎኔ በኩል ቆመች። "ሆድ" አለች። ሆዴን ወደ ውስጥ ሳልስብ ቆምኩላት።